ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት

ጎህ ሊቀድ ሲል ነው ኩሬ የሚጨንቀው፣
በቀን የመጣ እንግዳ ይህን መች ሊያውቀው።
ቀን በፀሐይ ጉልበት ያበደረውን አየር
አልጌው ሌት ይወስዳል ቅንጣት ሳያስቀር።
ያን ጊዜ ታምባኪ ወደ ላይ ይመጣል፣
የታች ከንፈሩ እንደ ቦካ ሊጥ ያብጣል፣
ማንኪያ ያበጅና የውሃውን ቆዳ
ሲልስ ያነጋዋል፣ እንደ ባለዕዳ።

አራት ኩሬ አለን ከሪዮ ፕሬቶ ማዶ፣
ሁለቱን ባንክ ይዞታል በፊርማ ገምዶ።
«ያኮረፈ ሕፃን» ይለው ነበር ኦሮዚምቦ፣
ከጎኔ ተቀምጦ፣ ጉልበቱን ሰብስቦ።
ሞተሩን ቀስቅሶ ውሃውን ሲያናውጥ
ከንፈሩ ይሟሽሻል፣ ለምሳ ሳንቀመጥ።

አሁን ሞተሩን የምቀሰቅሰው እኔ ነኝ።

ከማናውስ መጣች ታይናራ ተማሪ፣
ስለ ዓሣ ድንጋጤ ጥናት ጀማሪ።
«መረብ ሲነካቸው» አለች፣ «ሳይታይ በውጭ፣
ኮርቲዞል ይፈሳል ከኩላሊት ምንጭ፤
ጉበት የቋጠረው ስኳር ይለቀቃል፣
ልብ ይጋልባል፣ በስንጥቡ በኩል ጨው ሾልኮ ያልቃል።»

ጨው ሾልኮ ያልቃል።
ይህንን ሳልማር፣ ዓሣ በሚጫን ቀን
ከበርሜሉ ውሃ ጨው በእፍኜ እበትን ነበር፤
አማቴም ትበትን ነበር። ለምን እንደሆነ
ጠይቄያትም አላውቅ።

የልጅቷ መለኪያ እርጥበት ገብቶበት
አልበራም ሲላት፣ ዓይኗ እንባ ሞላበት።
ሮጬ ቤት ገባሁ። ከኮመዲኖው መሳቢያ፣
ከቀበቶው ሥር፣ ከሰዓቱ አጠገብ፣
የባሌን አወጣሁ፤ የስኳር መለኪያ፣
በመሐረብ ጥቅል። ዓመት ከሦስት ወር
እጅ አልነካውም።
ባትሪው ግን አልሞተም።
ስጫነው በራና ቁጥር ብቅ አለበት፦
ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት።

ባንክ የጠራው ጠዋት ነው። አስታወስኩት።
ሸሚዙን ሲቆልፍ እጁ ይንቀጠቀጣል፣
ቁርሱ እንደቀረበ ከጠረጴዛው አለ።
ቁጥሩን አየሁና ጮኽኩበት፦
«ሳትበላ ይህ ሁሉ ስኳር ከየት መጣ?
የጉዋቫ ማርማላታውን ሌሊት ተነሥተህ
በጣትህ ስትዝቅ አድረህ ነው!»
«አልነካሁም፣ ኢዛልቲና» አለ።
ቆቡን አነሣ። ወጣ።

ታይናራ መረቡን ወርውራ ጎተተች።
ዓሣው ጥርሱ እንደ ሰው መንጋጋ፣
የጎማ ዛፍ ፍሬ ሊፈለፍል የተሠራ፣
ጎርፍ የዋጠውን ጫካ ግን
አንድ ቀን ዋኝቶበት የማያውቅ፣
ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እህል ያልቀመሰ።
ከጭራው ሥር ወጋችው፤ አንዲት ጠብታ።
ሰባ አንድ።
በባልዲ አስቀምጣ፣ አናውጣ፣ ቆይታ፣
ሁለተኛ ጠብታ።
መቶ አርባ ስምንት።

መሣሪያው ደሙ የማን እንደሆነ አልጠየቀም።
ከባሌ ቀጥሎ በተራው መዘገበው።

«አልበላም እኮ» አልኳት።
«አዎ፣ አልበላም» አለች፣ ደብተሯን እያየች፣
«ሲፈራ ከራሱ ጉበት ነው የሚበላው።»
እንዲሁ ነው ያለችው። ለእኔ ብላ አይደለም።

ማምሻውን ከጨዉ ውሃ ሲያርፍ ቆይቶ
ሰማንያ ሦስት ሆነ፤ ወደ ኩሬው ተመለሰ፣
አንዴ ጭራውን መታ፣ ጠፋ።
«የድሮውን ቁጥር ላጥፋልዎት?» አለች፣
ልትሄድ ስትል፣ መሣሪያውን እየጠረገች።
«ተይው» አልኩ።

ሌሊቱን አልተኛሁም።
ከቁም ሣጥኑ አናት፣ ከአሮጌ ብርድ ልብስ ጀርባ፣
ለእሱ ብዬ የደበቅሁትን ማሰሮ አወረድኩት።
ክዳኑ ዝጓል፤ በቢላ ጀርባ መታሁት፣
በቀሚሴ ጫፍ ይዤ አዞርኩት።

እስከ አፉ ሙሉ ነው።

ውጭ ዓሦቹ ውሃውን መላስ ጀምረዋል።